ማን ዘረረው?

ባለፈው ሰሞን ባዮሎጂ የምትማረው የእህቴ ልጅ ቤት መጥታ «ጋሼ፣ ዛሬ የተማርነው ስለ ኖክአውት አይጦች ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ኖክአውት ሲባል የማውቀው ቦክስና ጥሎ ማለፍ ነው። «ማን ዘረራቸው?» ብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ተመራማሪዎች ከአይጧ ዘረ-መሎች አንዱን መርጠው ከሥራ ውጪ ያደርጉታል። ከዚያ አይጧ ምን እንደጎደላት እያዩ ዘረ-መሉ ምን ይሠራ እንደነበር ይረዳሉ። የመብራት ጥቅም የሚታወቀው ሲጠፋ አይደል! በተመረጠ ቦታ ላይ ሌላ ዘረ-መል ማስገባቱ ደግሞ «ኖክኢን» ይባላል። ማሪዮ ካፔኪ፣ ማርቲን ኢቫንስና ኦሊቨር ስሚዚስ ለዚህ መንገድ ጠራጊ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ኖቤል ተሸልመዋል።

የገረመኝ፣ እነዚሁ ሁለት ቃላት በዚያው ሰሞን ደቡብ ኮሪያ ባንኮች ውስጥም መገኘታቸው ነው። «ኪኮ» የሚሉት ውል ነበር፤ «ኖክኢን ኖክአውት» ሲያጥር። ዋጋቸው በሌላ ነገር ዋጋ ላይ ከሚንጠለጠል፣ ደሪቫቲቭ ከሚባሉት ውሎች አንዱ ነው። ዕቃ ወደ ውጭ የሚልኩ ድርጅቶች «ዶላር ይረክስብናል» ብለው ሲሰጉ ባንኮቹ ይህን እንደ መከላከያ ሸጡላቸው። በቅድሚያ የሚከፈል ነገር ስላልነበረው ነፃ ይመስል ነበር።

የውሉን ነገር ስሙኝማ! ዶላር ከታችኛው መስመር ከወረደ ኖክአውት! ውሉ ይፈርሳል። ዝናቡ ሲበረታ የሚታጠፍ ጃንጥላ በሉት። ከላይኛው መስመር ካለፈ ደግሞ ኖክኢን! ድርጅቱ በተፈራረሙበት ርካሽ ዋጋ፣ ያውም ብዙውን ጊዜ እጥፍ ዶላር፣ ለባንኩ የመሸጥ ግዴታ ይመጣበታል። ከሌለው ከገበያ በውድ ገዝቶ ማለት ነው። በ2008 መጀመሪያ ከ1,000 ዎን በታች የነበረው ዶላር በኅዳር 1,500ን አለፈ። አትራፊ የነበሩ ድርጅቶች ሳይቀሩ በዕዳ ተዘረሩ። በ2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሉ በራሱ ኢፍትሐዊ አይደለም አለ። በ2019 ግን የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባንኮች ለአራት ድርጅቶች የኪሳራቸውን ከፊል እንዲክሱ ሐሳብ አቀረበ።

እኔ የምለው… ቤተ ሙከራ ውስጥ ቃሉ አይዋሽም። ምን እንደተመታ፣ ማን እንደመታውም ይመዘገባል። አይጧም ብትሆን ፈርሚ አልተባለችም። ባንክ ውስጥ ግን «ኖክአውት» የሚሆነው ውሉ ብቻ ነው፤ ሰው የለበትም። ወረቀት ተዘረረ እንጂ ባለ ፋብሪካው ተዘረረ አይልም። በአማርኛ «ዘረረው» ስንል ዘራሪውም ተዘራሪውም እዚያው ግሱ ውስጥ ናቸው። መደበቂያ የላቸውም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. የሰነድ ገበያችን ተከፈተ። እንዲህ ያሉ ውሎችም አንድ ቀን ጠረጴዛችን ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ያን ዕለት «ኖክአውት»ን በፊደላችን ጽፎ ማቅረብ መተርጎም አይደለም፤ ማን እንደሚወድቅ በግልጽ ይጻፍ።

እኔ በበኩሌ ብዕር ከማንሳቴ በፊት ያቺን ልጅ ያሳቃትን ጥያቄ እጠይቃለሁ። ያኔ የሚስቅ ካለ ይሳቅ!