ሼርሎክ ሆልምስ ከፏፏቴው ወዲህ

አርተር ኮናን ዶይል ስለ መርማሪው ስለ ሼርሎክ ሆልምስ ከ1887 እስከ 1927 ድረስ 4 ረዣዥምና 56 አጫጭር ልብ ወለድ ታሪኮች ጽፏል (የዘመኑ ቍጥር ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው)። አንድን ሰው ይዞ አርባ ዓመት መጻፍ ለማንም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ደራሲው ራሱ ሰልችቶት በ1893 መርማሪውን ከስዊስ አገር ፏፏቴ ጥሎ ገደለው። አንባብያን ግን ስላልተዉት፥ በ1903 «ለካ አልሞተም ነበር» ብሎ መለሰው። የተመለሰው ሆልምስ የቀድሞው ሆልምስ ነውን? የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልበረደም።

ኮናን ዶይል በ1924 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርክልን፥ አንድ የኮርንዎል ጀልበኛ፥ ሆልምስ ከገደሉ ወድቆ ባይሞትም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም ብሎታል። ደራሲው ይህን ነቀፌታ ሳይሸሽግ መጻፉ ያስመሰግነዋል። ሮናልድ ኖክስ የተባለው የኦክስፎርድ ምሁርም በ1911፥ የመጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪዎችን አካሄድ በቀልድ እየተከተለ፥ የታሪኮቹን እውነተኛነት የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ከራሱ ፈጥሮ ተከራክሯቸዋል።

ስለ መመለሱ ስንናገር አንድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ሆልምስ በ«ባዶው ቤት» ውስጥ፥ ጠፍቶ በነበረባቸው ዓመታት ካርቱም ሄዶ ኸሊፋውን እንደ ጐበኘ ይናገራል። የኸሊፋው መቀመጫ ግን ኦምዱርማን ነበረ። ዐፄ ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ የማንን ሠራዊት ሲዋጉ እንደ ወደቁ የሚያውቅ ያገራችን አንባቢ ደግሞ፥ መርማሪው ይህን ጕብኝት እንደ ሽርሽር ቈጥሮ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲያልፈው ሳይገርመው አይቀርም።

ነቃፊዎቹ ማስረጃ አያጡም። በ«የሚድኸው ሰው» (1923) ከዝንጀሮ የተገኘ መድኃኒት ተወግቶ ግድግዳ የሚወጣ ፕሮፌሰር እናገኛለን፤ በ«መጋረጃ የሸፈነችው ተከራይ» (1927) ሆልምስ ምንም አይመረምርም፥ ተቀምጦ ኑዛዜ ይሰማል እንጂ። ደራሲው በስተርጅና ስለ ሙታን መናፍስት በየአገሩ መስበኩን በምክንያትነት የሚያቀርቡም አሉ፤ ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የራሱን እምነት በመርማሪው ላይ አልጫነምና።

ጠንካራው ክስ ደራሲው ራሱን ይደግማል የሚለው ነው። በ1891 በወጣው «የቀይ ጠጕራሞች ማኅበር»፥ አንድ በመያዣ ገንዘብ የሚያበድር ነጋዴ ኢንሳይክሎፔዲያ ብሪታኒካን እንዲገለብጥ በሳምንት 4 ፓውንድ እየተከፈለው ከቤቱ ይርቃል፤ ሌቦቹ በዚያ ጊዜ ከምድር ቤቱ ወደ ባንክ ይቈፍራሉ። በ1925 በወጣው «ሦስቱ ጋሪዴቦች»ም ከቤቱ የማይወጣ ሽማግሌ ባልተለመደ ስሙ ምክንያት 5 ሚሊዮን ዶላር ትወርሳለህ ተብሎ ይታለላል፤ ከወለሉ በታች ያለው የሐሰት ገንዘብ ማተሚያ ነው። ዘዴው አንድ ነው፤ በዘዴነቱም የፊተኛው ይበልጣል። ነገር ግን በኋለኛው ዋትሰን ጭኑን በጥይት ይመታል፤ ያ እንደ መኪና ቀዝቃዛ የነበረው ሰውም ይደነግጣል፥ ወዳጁን ደግፎ ያስቀምጣል፥ ተኳሹንም ዋትሰን ቢሞት ኖሮ አንተም ከዚህ ክፍል በሕይወት አትወጣም ነበር ይለዋል። ለብዙ ዓመት የተደበቀው ፍቅር በዚች አንዲት ገጽ ይወጣል። ይህ ትዕይንት በ1891 ሊጻፍ ባልቻለም ነበር፤ አንባቢው ከሁለቱ ሰዎች ጋራ ያን ሁሉ ዘመን መኖር ነበረበት።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ተከራካሪዎቹ ሆልምስን ትተው ዋትሰንን መመርመር ይገባቸዋል። ዋትሰን የማይተርካቸው ታሪኮች አራት ብቻ ናቸው። ከነዚህ አንዱ «የማዛሪን ዕንቍ» (1921) ከቴአትር የተገለበጠ ሲሆን ከሁሉም የደከመ ነው፤ ሰዎቹ ከመድረክ ገና የወረዱ አይመስሉም። በ«የነጣው ወታደር» (1926) ሆልምስ ራሱ ብዕር ያነሣል። ዋትሰን ለአንባቢ ደስታ ብለህ ትጽፋለህ እያለ ይነቅፈው የነበረ ሰው፥ ነገሩ እንደዚያ ካልቀረበ እንደማይነበብ ያምናል። ነቃፊዎቹ ሊሉት የሚችሉትን ደራሲው በመርማሪው አፍ ቀድሞ ብሎታል።

የሚያስቸግረን «የአንበሳ ጋማ» ነው። ይህንም ሆልምስ ይተርከዋል፤ ነፍሰ ገዳዩም ሰው ሳይሆን መርዘኛ የባሕር እንስሳ ነው፤ በምርመራ ደንብ ቢዳኝ መውደቁ አይቀርም። እኛ ግን አንጥለውም። መርማሪው ሸምግሎ በሳሴክስ ባሕር ዳር ንብ ያረባል፤ ድሮ ያነበበውን ነገር የት እንዳነበበው ጠፍቶት በቈጥ ላይ መጻሕፍቱን ያገላብጣል፤ ዋትሰንም አልፎ አልፎ ለሰንበት ብቻ ብቅ ይላል። የሚያደንቀው ሰው አጠገቡ ስለሌለ፥ ያገኘውን የሚነግረው ለእኛ ነው።