የመርከቡ መሻገሪያና ጀማሪው ፎቶግራፍ አንሺ

ጀማሪ ፎቶግራፍ አንሺ መጀመሪያ የሚማራት አንዲት ሕግ አለች። ምስሉን ወደ ታችም ወደ ጎንም በሦስት ከፍለህ ዋናውን ነገር መስመሮቹ ከሚገናኙበት ላይ አድርገው ትላለች። መጥፎ ሕግ አይደለችም፤ ሰውን ሁሉ እንደ መታወቂያ ፎቶ መሐል ላይ ከመገተር ታድናለች። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ዋናው ነገር የቱ እንደሆነና ከየት ቆሞ እንደሚታይ አትናገርም።

እስቲ የአልፍሬድ ስቲግሊትዝን «ዘ ስቲሬጅ» እንመልከት። ስሙ የመርከብን ርካሽ ማዕረግ የሚያመለክት ነው። ፎቶግራፉ የተነሳው በ1907 እ.ኤ.አ.፣ ከኒው ዮርክ ወደ አውሮፓ በሚሄድ መርከብ ላይ ነው። ነጭ መሻገሪያ ምስሉን ሰያፍ ይቆርጠዋል። ከላይ ክብ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ወደ ታች ያያል፤ ከታች ሴቶች፣ ልጆች፣ የሱሪ ማንገቻው ጀርባው ላይ የተመሳቀለ አንድ ወንድ። ያየው ሰው ሁሉ «ሀብታም ከላይ፣ ድኻ ከታች» ይላል። አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች ናቸው የሚልም ሞልቷል።

ሁለቱም ስሕተት ነው። መርከቡ የሚሄደው ወደ ምሥራቅ ነበር፤ ስቲግሊትዝ እንደጻፈው ደግሞ ላይኛውም ታችኛውም ወለል የዚያው የርካሹ ማዕረግ ነው። ሀብታሙ የታለ ቢባል፣ ከካሜራው ኋላ! አንሺው ራሱ የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ነበር። ይኼን ከፍታ የሰጠው ሌንሱ ሳይሆን ቲኬቱ ነው።

ስቲግሊትዝ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚሁ ፎቶ ሲጽፍ በብዛት የሚያወራው ስለ ቅርጽ ነው፦ ስለ ባርኔጣው ክብ፣ ወደ ግራ ስላዘነበለው ጭስ ማውጫ፣ ወደ ቀኝ ስላዘነበለው ደረጃ። በዚህ ምክንያት «ሰዎቹን ጂኦሜትሪ አደረጋቸው» ብሎ የሚከሰው አይጠፋም። በእኔ በኩል ክሱን በግማሹ ነው የምቀበለው። የአንዳቸውም ኑሮ አይነገረንም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ቅርጹ ባይኖር ኖሮ የሚቀረው ምጽዋት የሚለምን ፎቶ ነበር፤ የዚያ ዓይነቱ ደግሞ ተርፎናል። እዚህ ማንም እጁን አይዘረጋም። ሰዎቹ ተመልካቹን ከነመኖሩም አያውቁትም።

የቀረው ያልተነሳበት የመስታወት ሰሌዳ አንድ ብቻ ነበር። ካሜራውን ከክፍሉ ለማምጣት ሲሮጥ ባለባርኔጣው እንዳይንቀሳቀስበት መስጋቱን ጽፏል። ስጋቱ ትክክል ነበር። ባርኔጣውን በጣታችሁ ሸፍኑትና እዩ፤ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። መሻገሪያውን ስትሸፍኑት ደግሞ የሚቀረው ተራ ግርግር ነው።