ዓምዱ ምን ይሸከማል?

በደብረ ታቦርም ሆነ በሌሎች የአገራችን ከተሞች ዋና መንገድ ዳር ከሚሠሩት ፎቆች አንዳንዶቹ በበራቸው ግራና ቀኝ የግሪክ ዓይነት ዓምድ ይቆምላቸዋል። ይህን አሠራር ከፊሉ ሰው ሥልጣኔ ነው ሲል ያመሰግነዋል፤ ከፊሉ ደግሞ የባዕድ ልብስ ነው ሲል ይነቅፈዋል። እኛ በበኩላችን ከሁለቱም ወገን ሳንሆን አንድ ጥያቄ ብቻ እናነሣለን፤ ይኸውም ዓምዱ ምን ይሸከማል? የሚል ነው።

እንደሚታወቀው፥ ኒዮክላሲክ የሚባለው የሕንፃ አሠራር በ18ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የጥንቱን የግሪክና የሮማ ጥበብ ለማደስ የተነሣ ነው። ወደ አገራችን ሲገባ ካገኛቸው መልካም ቦታዎች አንዱ በአዲስ አበባ አራዳ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለተገኘው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ያሠሩት ይህ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲታይ የአውሮፓ መልክ አለው። ነገር ግን ሕንፃው ስምንት ማዕዘን ሲሆን መቅደሱ በመካከል ነው፤ ምእመናኑም እንደ በጌምድር ክብ አብያተ ክርስቲያናት ልማድ በዙሪያው ይቆማሉ። ስለዚህ ባዕዱ መልክ የአገሩን ሥርዓት ያገለግላል እንጂ አያፈርሰውም። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ በዚያ ሲጭኑ፥ ቤቱ ለሥርዓቱ እንግዳ አልሆነም።

አሁን ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። ራስ ጉግሣ የቈረቈሯትና ዐፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባት ይህች ከተማ ብዙ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አልወረሰችም። የዘመኑ መናገሻ ከሠራዊቱ ጋር የሚንቀሳቀስ ሰፈር ነበርና፤ ንጉሡም በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዋን አቃጥለዋታል። ያን ጊዜ የተሠራው ትልቁ ሥራ ሕንፃ ሳይሆን መንገድ ነበር። በአቅራቢያዋ በጋፋት የተሠራውን፥ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ለማሳለፍ ገደሉ ተናደ፤ ሸለቆው ተደለደለ። እንግዲህ የሐሰት ዓምድ ከተማዋ ያልነበራትን ታሪክ ሲያስመስል፥ የነበራትን ያስረሳል።

«ጌጥ ማንን ይጐዳል?» የሚለን አይጠፋም። እኛም ጌጥን አንጠላም። ዳሩ ግን በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሲሚንቶ ጣራም ሰውም አያስጠጋም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ክረምቷም ብርቱ ነው። ዝናብ ሲወርድ መንገደኛው ከዚያ ባለ ዓምድ በር ሥር ቢጠጋ ከመበስበስ አይድንም።

የጥንት ግሪኮች ግን በገበያቸው ዳር ዓምድ በረድፍ አቁመው፥ ጣራ ደፍተው፥ ነጋዴውንና ተማሪውን ያስጠልሉ ነበር። የእኛም ገጠር ደብሮች በብዙ ስፍራ በዓምድ የቆመ በረንዳ አላቸው፤ ካህናትና ምእመናን ከዝናብ ይጠለሉበታል። ስለሆነም ከሩቅ መቅዳት ሳያስፈልገን፥ አቴናም ደብራችንም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው።

ስለዚህ የደብረ ታቦር ባለ ቤቶች ዓምድ ማቆም ከፈለጉ ያቁሙ እንላለን። ነገር ግን ዓምዱ በመንገዱ ዳር በረንዳ ይሸከም፤ የጎረቤቱም በረንዳ ከእርሱ ይቀጥል። ያን ጊዜ በክረምት ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ሳይረጥብ ያልፋል፤ ዓምዱም የግሪክ ነው ወይስ የእኛ? ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።