ፊደል የሌለው የመቃብር ጽሑፍ

አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ የገባ ሰው የሚያነበው አያጣም፤ እብነ በረዱ ስም፣ የልደትና የዕረፍት ዘመን፣ ፎቶግራፍ፣ አንዳንዴም ግጥም ተሸክሟል። ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚወርደው በረሃ ግን ድንጋዩ ዝም ይላል። ዝም ያለ ይመስላል ብል ይሻላል።

የአፋር ጥንታዊ መታሰቢያ የድንጋይ ካብ ነው። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፤ አንዱ ድንጋይ የሌላውን ጎድጓዳ ፈልጎ ይቀመጣል፣ ክብደቱ ያጣብቀዋል። በእኩለ ቀን መዳፍ ቢያሳርፉበት እንደ ምጣድ ይጋረፋል። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1933 እና 1934 አዋሽን እስከ አቤ ሐይቅ ተከትሎ ሲወርድ እነዚህን መታሰቢያዎች መዝግቧል። ስማቸው «ዳስ» ነው፤ እኛ ለለቅሶ ከምንጥለው ዳስ ጋር መገጣጠሙ ሁሌ ይገርመኛል። ከፊት በረድፍ የቆሙት ድንጋዮች ሟቹ የገደላቸውን ሰዎች ቁጥር ይናገራሉ።

የሚቆጠረው ነገር ደስ አይለኝም። አጻጻፉን ግን አደንቃለሁ። የጢያ ትክል ድንጋዮች ሰይፍና ሌላም ምልክት ተቀርጾባቸው የዓለም ቅርስ ሆነዋል፤ የምልክቶቹን ሁሉ ፍቺ ግን ዛሬ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ዳሱን ለማንበብ መቁጠር ብቻ ይበቃል። መቃብር ላይ መጻፍን ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ስለማይወዱትም ዝምታው ለአፋሮች ሃይማኖት አይከፋም።

አንድ ቀን ከመኪና ወርጄ ቆጠርኩ። አንዱ ድንጋይ ወድቋል፤ ልቁጠረው፣ ልተወው ስል ሾፌሩ ክላክሱን ነፋ።