በግራ እጅ የሚለቀም እንስላል

እንስላል ለቀማ ላይ አፍንጫ የሚጠየቀው መጨረሻ ነው። ልምድ የሌለው ሰው ቅጠሉን ቀንጥቦ፣ አሽቶ፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «አዎ፣ እሱ ነው» ይላል። በመጀመሪያው ተክል ላይ ልክ ይሆናል። ጣጣው ከሁለተኛው ይጀምራል። የእንስላል ዘይት ጣት ከነካ ቶሎ አይለቅም፤ ከዚያ ወዲያ በዚያው ጣት የተያዘ ሁሉ፣ ሣሩም አረሙም፣ እንስላል እንስላል ይሸታል።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ራቅ ካለ የማሳ ዳርቻ፣ ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ሲለቅሙ አይቻለሁ። ልጅቱ ለአንዱ ተክል እጇን ዘርግታ «እማ፣ ይሄስ?» አለች። እናትየው ተክሉን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ «በዚያ እጅሽ አይደለም፣ በግራሽ። መጀመሪያ ግንዱን ዳብሺው» አሏት። ቀኝ እጅ ይቆርጣል፣ ያስራል፣ ይሸከማል። ግራው ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ ፍርዱ የእሱ ነው።

ግንዱ ላይ ምን አለ? ጠጉር የለውም። ከታች ወደ ላይ የሚሄዱ ስስ መስመሮች በአውራ ጣት ጥፍር ሥር ይታወቃሉ። ላዩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጣ ያለ ሽፋን ለብሷል፤ ሲታሽ ይለቅና የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ይወጣል። ጣቷ ወደ ላይ ስትወጣ ቅጠሉ የሚነሳበት አንጓ ላይ ትደርሳለች፤ እዚያ የቅጠሉ እግር ሰፋ ብሎ ግንዱን ዙሪያውን ያቅፈዋል። እንግዲህ ዓይን ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ቅጠሉ ተከፋፍሎ፣ ክፍልፋዩ እንደገና ተከፋፍሎ፣ መጨረሻ ላይ ስፋት የሚባል ነገር አይቀረውም። ርዝመት ብቻ ነው።

ቅጠሉ ብቻውን ግን ያሳስታል። እዚያው ጎጃም የሚዘራው ነጭ አዝሙድም ቅጠሉ እጅግ የቀጠነ ነው፤ ድምብላልም ወደ አናቱ ሲወጣ ቅጠሉ ይቀጥናል። ሦስቱም ከካሮትና ከከሙን ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸውና መመሳሰላቸው አይገርምም። በአበባ ጊዜ ግን ክርክሩ ያበቃል፤ የነጭ አዝሙድ ነጭ፣ የድምብላል ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ የእንስላል ጥርት ያለ ቢጫ። አርቲን ከእንስላል ጋር የሚያምታታ ካለ አንዴ ይዳብሰው፤ ለስላሳ ጠጉሩና መራራ ሽታው ወዲያው ያጋልጡታል።

በአውሮፓ የዱር እንስላል የሚለቅሙ ሰዎች ከዚህ የከበደ ሥጋት አለባቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ሶቅራጥስ የጠጣው መርዝ የተቀመመበት ሄምሎክ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ግንዱ ልሙጥ ሆኖ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለበት፣ አበባው ነጭ ነው፣ ሲታሽ የአይጥ ሽታ ይሸታል። ጣቱ አስቀድሞ በእንስላል ዘይት የራሰ ሰው ግን ይህን ሽታ ላይሰማው ይችላል። የግራ እጅ ሥርዓት ሞኝነት የሚመስለው ካለ ይህን ያስብ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ፍሬው ነው። የእንስላል አበባ እንደ ጃንጥላ ከአንድ ነጥብ በተነሱ ዘንጎች ላይ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ ዘንግ ጫፉ ላይ ሌላ ትንሽ ጃንጥላ ይዟል። በዘንጎቹ መነሻ ላይ ትንንሽ ቅጠሎች የሉም፤ ባዶ ነው፤ ይህም ራሱ መለያ ነው። አበባው ሲረግፍ የሚቀረው ፍሬ ከሁለት እኩሌታ የተገጠመ ሲሆን፣ እያንዳንዱ እኩሌታ አምስት ጎባጣ መስመር አለው። አንዱን እኩሌታ በምላጭ አግድም ቆርጦ በማጉያ መስታወት ላየው፣ በመስመሮቹ መካከል ባሉት አራት ጎድጓዶች ሥር አራት፣ በጠፍጣፋው ፊት በኩል ደግሞ ሁለት፣ በድምሩ ስድስት የዘይት ቱቦዎች ይታያሉ። የሩዝ ፍሬ በምታህል ነገር ውስጥ! አናጺም ሆነ አንጥረኛ ይህን አይቶ ዝም የሚል አይመስለኝም።

እንስላል የሚለቀመው ለአረቄም ነው፤ አረቄው ውስጥ የሚፈለገውም ያ ዘይት ነው። አኔቶል የሚባለው ዋና ሽታው ከእንፋሎት ጋር ይተናል፣ አልኮል ውስጥም በደንብ ይሟሟል፤ ስለዚህ እንስላሉ ከዳጉሳው ድፍድፍ ጋር ማሰሮ ውስጥ ሲገባ ሽታው እንፋሎቱን በሚያሻግረው ሸምበቆ አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ዘንድ ይደርሳል። ምሬቱና አረንጓዴው እዚያው ማሰሮው ውስጥ ይቀራሉ። የማሰሮውና የሸምበቆው መጋጠሚያ በሚገባ ካልተመረገ ግን ቀድሞ የሚያመልጠው ይኸው ሽታ ነው፤ ጎረቤት ያሸተዋል፣ ጠጪው አያገኘውም።

እናትየው ሲቆርጡም የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ሥሩን አይነቅሉም፤ እንስላል ከሥሩ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ነው የሚያጭዱት። ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦም ፍሬ የያዘ አንድ ዘንግ ሳይነኩ ያልፋሉ። ልጅቱ ያንን ዘንግ ልትጨምር ስትል እጇን መታ አደረጓትና ወደሚቀጥለው ሄዱ።