ካሴትና እርሳስ

የፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በኛ አቆጣጠር ሰባዎቹ ናቸው። ስለዚያ ዘመን ዘፈን ሲነሣ ሳቅ ይቀድማል፤ ጎፈሬው፣ ስፖንጅ የገባበት ትከሻ፣ ካሴት በእርሳስ ማጠንጠኑ! ያልኖርንበት ዘመን ቢሆንም እኛም ስቀንበታል። ይሳቅ፣ ክፋት የለውም።

ከሳቁ ጋር የሚመጣው ሂስ ግን አልዋጥ ብሎናል፤ «ኪቦርድ መጥቶ ሙዚቃችንን ገደለው» የሚለው። ለመሆኑ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ከመድረክ ያወረደው ኪቦርድ ብቻውን ነው እንዴ? በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር፤ የምሽት ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጫ የለውም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ሸክላውን ካሴት ተካው። ስንቱ ሙዚቀኛም ተሰደደ።

ኃይሉ መርጊያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ባወጣው ካሴት የጥንቱን አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምሮ ብቻውን ባንድ ሆነ። ድምፁ የማሽን ነው፣ ቅኝቱ ግን የኛው። እንግዲህ ማሽኑ ገዳይ ነው ወይስ ባንድ ላጣ ሰው የደረሰ ወገን? ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ባሕር ማዶ አዲስ አድማጭ አገኘ።

ሁሉም ካሴት ይህ ዕድል አይገጥመውም፤ ክሩ ይበጠሳል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ወገኖች፣ እቤት አቧራ የጠጣ ካሴት ካለ አይጣል። እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ መጀመሪያ እናድምጠው፣ ከዚያ እንስቃለን።