ለ12 ተሳፋሪ 12 ረዳት?

ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ የሚጭን ሚኒባስ 12 ሰው ይዟል እንበል። ሒሳብ የሚሰበስበው አንድ ረዳት ነው። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የራሱን ረዳት የሚቀጥር ባለታክሲ ብታዩ ምን ትላላችሁ?

ብዙዎቹ የጃቫስክሪፕት የጀማሪ ትምህርቶች ግን ይህንኑ ነው የሚያስተምሩት። በሉፕ እየዞሩ በዝርዝሩ እያንዳንዱ መስመር ላይ ኢቨንት ሊስነር፣ ማለትም «ስነካ ይህን አድርግ» የሚል አድማጭ፣ ይሰቅላሉ። ለ5 መስመር ያምራል፤ ለ500 መስመር ብክነት ነው። ጠቅታ ከተነካው መስመር ተነስቶ ወደ ላይ፣ ዝርዝሩን ወደያዘው ሳጥን ይወጣል። ስለዚህ እዚያ አንድ አድማጭ ይበቃል፤ የቱ መስመር እንደተነካ ኢቨንቱ ራሱ ይነግረዋል።

በሌላ በኩል «አድማጭ ሁሉ ሚሞሪ ያፈሳል» የሚሉም ያጋንናሉ። በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ዘመን እውነት ነበራቸው። ዛሬ ግን መስመሩ ከገጹ ሲወጣ ሌላ የያዘው ነገር ከሌለ፣ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ከነአድማጩ ጠርጎ ይወስደዋል።

ትምህርቶቹ ዝም የሚሉት ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። እያንዳንዱ መስመር «የስክሪኑ ስፋት ሲቀየር ንገረኝ» ብሎ ዊንዶው ላይ ይመዘገባል እንበል። ገጹ እስኪዘጋ ዊንዶው የትም አይሄድም፤ እሱ አድማጩን ይይዛል፣ አድማጩ ደግሞ መስመሩን። የ200 መስመር ዝርዝር 10 ጊዜ እንደ አዲስ ከተሠራ 2,000 አድማጭ ይከማቻል፤ 1,800ው የሚጠብቀው ከስክሪን የጠፋ መስመር ነው! ሪሙቭ ኢቨንት ሊስነርም የሚሠራው መጀመሪያ የሰጣችሁትን ያንኑ ፈንክሽን መልሳችሁ ስትሰጡት ብቻ ነው። ስም የሌለው ፈንክሽን እዚያው ጽፋችሁ ከሆነ ምንም አይነቅልም፣ ስህተትም አያሳይም። (እኔ በበኩሌ አቦርት ኮንትሮለርን እመርጣለሁ፤ አንድ ትእዛዝ ሁሉንም ይነቅላል።)

ይህ የሚጎዳው 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ስልክ የያዘውን ሰው ነው። አፑ ሲንቀራፈፍ «ስልኬ አረጀ» ይላል፤ ሌላ ለመግዛት ብር ማጠራቀም ይጀምራል። ቂሊንጦ በሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ ፕሮግራሚንግ የምትማሩ፣ የራሳችሁን ዝርዝር 10 ጊዜ አድሱና ክሮም ላይ የሚሞሪ ስናፕሾት አንሱ። «ዲታችድ» የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ ከገጹ ወጥተው ሚሞሪ ውስጥ የቀሩት መስመሮች እዚያ ተቆጥረው ይጠብቋችኋል።